ፒሃ ከታ፦ የሲንሃላን ጌጠኛ ቢላ እንዴት እንየው፣ እንዴት እንለየው፣ እንዴት እንያዘው

ፒሃ ከታ የሚባለውን የሲንሃላ (የስሪላንካ ሕዝብ) ቢላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ዓይኑ ቀጥ ብሎ የሚሄደው እጀታው ላይ ነው። አይፈረድበትም፣ ቅጠል ከቅጠል ሐረግ ከሐረግ ተጠላልፎ ባዶ ቦታ የማይገኝበት እጀታ ነው። ግን ይሄን ቢላ የምር ማወቅ የፈለገ ሰው ከእጀታው ባይጀምር ጥሩ ነው እላለሁ፣ ከመጋጠሚያው ይጀምር። ብረቱ ከናሱ የሚገናኝበት፣ ናሱ ከቀንዱ የሚገናኝበት፣ የሰገባው ሁለት ክፋይ እንጨት ከንፈር ለከንፈር የሚገጥምበት ቦታ ማለቴ ነው። ቢላው እኮ ብዙ ሙያ ያለበት ነገር ነው፣ ብረት ቀጥቃጭ አለበት፣ ብርና ናስ አንጥረኛ አለበት፣ ቀንድና የዝሆን ጥርስ ቀራጭ አለበት፣ እንጨት ጠራቢ አለበት፣ እና የነዚህ ሁሉ ሙያ የሚገናኘው መጋጠሚያው ላይ ነው። ቸኩሎ የተሰራ ስራ መጀመሪያ የሚያሳብቀው እዛ ነው፣ ዝገትም መጀመሪያ የሚገባው በዛው ነው።

ስለ ስሙ ትንሽ ልበል። ፒሂያ በሲንሃላ ቋንቋ ቢላ ማለት ነው፣ ከታ ደሞ ለብቻው ሲጠራ ቅርንጫፍ የሚመለመልበት ቆንጨራ መሰል ከባድ መሳሪያ ነው። ስለዚህ ጌጥ ቢበዛበትም ከስሩ የስራ ቢላ ነው፣ ደንደሱ ወፍራም፣ ሲያነሱት ከመጠኑ በላይ የሚከብድ። ካስታኔ ከሚባለው የሲንሃላ ሰይፍ ጋር እንዳታምታቱት፣ ካስታኔ ረጅም ነው፣ እጀታው ጫፍ ላይም የአንበሳ ራስ አለው። ዛሬ በየሙዚየሙ የምናያቸው ፒሃ ከታዎች አብዛኞቹ ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የተሰሩ ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ምርጥ ምርጦቹ የወጡት ከካንዲ (የሲንሃላ ነገሥታት መቀመጫ ከነበረችው ከተማ) ንጉሥ ወርክሾፖች ነው፣ ፓታል ሃታራ ይባላሉ፣ አራቱ ወርክሾፖች ማለት ነው፣ እዛ የገቡ ባለሙያዎች ለንጉሡ ነበር የሚሰሩት፣ ንጉሡ ደሞ ለሹሞቹ እንዲህ ያለውን ነገር ይሸልም ነበር፣ ሹሙ ወገቡ ላይ ከጠመጠመው ብዙ ክንድ ጨርቅ ውስጥ ሻጥ አድርጎት ይታያል። በ1815 እንግሊዞች ካንዲን ሲይዙ፣ የመጨረሻው ንጉሥ ስሪ ዊክራማ ራጃሲንሃም ሲወርድ፣ ባለሙያው አለ ግን የሚያሰራው ንጉሥ የለም። ከዛ በኋላ ለባላባት ተሰርቷል፣ ለቅኝ ገዢ ሹም ተሰርቷል፣ ቆይቶ ለቱሪስት ተሰርቷል። ስለዚህ አንድ ሰው "ይሄ ጥንታዊ ነው" ሲላችሁ ወዲያው ከ1815 በፊት ነው በኋላ ብላችሁ ጠይቁ። ይሄ ጥያቄ ታች ስለ ሕጉ ስናወራም ይመጣል።

እሺ፣ ቢላው ፊታችሁ ነው እንበል። 10 እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ ሌንስ ያዙ፣ ወርቅ ሰሪዎች ዓይናቸው ስር የሚያደርጉት ዓይነት። አንድ ከጎን የሚበራ መብራት፣ የስልክ ቶርችም ይሆናል፣ ጠረጴዛው ላይ ደሞ ለስላሳ ነጭ ጨርቅ ይነጠፍ። ጓንት ካላችሁ ናይትራይል የሚባለው ነው ጥሩ፣ ተራው የላቴክስ ጓንት ግን ይቅርባችሁ ምክንያቱም ጎማ ውስጥ ያለው ሰልፈር ብርን ያጠቁራል። ጓንት ከሌለ እጃችሁን በደንብ ታጥባችሁ አድርቁና ብረቱን ሳትነኩ እጀታውን ብቻ ያዙ፣ የጣት ላብ ጨው አለው፣ ዛሬ የነካችሁት ቦታ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የጣታችሁን አሻራ በዝገት ስሎ ታገኙታላችሁ።

ከሰገባው ሲወጣ ደሞ ጥንቃቄ አለ፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሰገባው ከሁለት እንጨት የተገጠመ ነው፣ እድሜ ያለው ሰገባ መጋጠሚያው ሊላቀቅ ይችላል፣ እና ሰገባውን በጭብጥ ጨብጣችሁ ቢላውን ስትስቡ ስለቱ በተላቀቀው በኩል ወጥቶ መዳፋችሁን ያገኘዋል። ሰገባውን ከግራና ከቀኝ ጠፍጣፋ ጎኑ በኩል በጣቶቻችሁ ጫፍ ያዙት፣ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ደንደሱ ሰገባው ላይ እየተንሸራተተ ቀስ ብሎ ይውጣ። ከከበደ አትታገሉት፣ ውስጥ ዝጎ ወይ እንጨቱ አብጦ ሊሆን ይችላል፣ በጉልበት የወጣ ቢላ እጀታው ተነቅሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል።

ሲወጣ መጀመሪያ ቅርጹን እዩ። የብረቱ ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 20 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው፣ ስለቱ በአንድ በኩል ብቻ ነው፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ታጥፎ ደንደሱን ያገኘዋል። ደንደሱ ስር ስሩን ብዙ ጊዜ አንድ ቦይ ይወርዳል፣ እሱን በጎን መብራት እዩት፣ ጥሩ ስራ ላይ ቦዩ ከመነሻው እስከ መድረሻው ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ስሪላንካ ውስጥ የብረት ስራ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም፣ ሳማናላዌዋ የሚባል አካባቢ ኮረብታ ጥግ ላይ በክረምት ነፋስ ብቻ የሚነድዱ፣ ወናፍ የማያስፈልጋቸው ምድጃዎች ተቆፍረው ተገኝተዋል፣ ከ1000 ዓመት በላይ እድሜ ያላቸው። እኔ ይሄን ካወቅኩ በኋላ ብረቱን ዝም ብዬ የጌጡ ማስቀመጫ አድርጌ ማየት ትቻለሁ።

አሁን ወደ መጋጠሚያው። እጀታው ስር ያለው የብረቱ ክፍል ላይ የናስ ወይ የብር ሰሌዳ ገብቶበታል፣ አንዳንዱ ላይ በአንድ ጎን ብቻ አንዳንዱ ላይ በሁለቱም። በማጣበቂያ የተለጠፈ ነገር አይደለም። ባለሙያው መጀመሪያ ብረቱን በመሮ ይቦረቡራል፣ ሲቦረቡርም አፉን ጠበብ ሆዱን ሰፋ ያደርገዋል፣ ከዛ ናሱን ወይ ብሩን ያስቀምጥበትና በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፣ ለስላሳው ናስ ወይ ብር እየተዘረጋ ሆዱ ውስጥ ይገባል፣ ከገባ በኋላ አፉ ጠባብ ስለሆነ መውጫ የለውም። ሐረጉ የሚቀረጸው ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ በሌንስ ስታዩት በብረቱና በናሱ መሃል ፀጉር የማታስገባ መስመር ነው መታየት ያለበት፣ እጃችሁን ብታሳልፉበት እንኳን ከአንዱ ወደ አንዱ መሸጋገራችሁ አይታወቃችሁም።

ካንዲ አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሁለት ቢላ ጎን ለጎን አስቀምጠውልኝ ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ከዛ ቀን በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ። ሁለቱም ከሩቅ አንድ ናቸው፣ እንደውም አንደኛው ይበልጥ ያብረቀርቃል። በሌንስ ስጠጋ የሚያብረቀርቀው ላይ የሰሌዳው ጠርዝ ዙሪያውን ቢጫ መሰል ቀጭን መስመር አለ፣ ማጣበቂያ ነው፣ ማጣበቂያው ላይ ደሞ አቧራ ተቀብሯል። የሐረጉ መስመሮች ታችኛው ወለላቸው ክብ ነው፣ ጠርዛቸውም የሟሟ ሳሙና ይመስላል፣ እዚህም እዚያም የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ጉድጓድ አለች፣ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ናስ ነው ማለት ነው፣ ቀዳዳዎቹ የአየር አረፋ የነበሩ ናቸው። ሁለተኛው ጠቆር ያለው ላይ ግን እያንዳንዱ መስመር እንደ ሸለቆ ነው፣ ሁለት ቀጥ ያለ ግድግዳ አለው፣ ሲጀምር ቀጭን ነው፣ መሃል ላይ ይሰፋል፣ መጨረሻው ጋ መሮው ቀና ሲል የተወው ትንሽ ጭረት ይታያል። የሰው እጅ ግፊት መስመሩ ውስጥ ቀርቷል። እዛ ቆሜ አንዱን ቅጠል ብቻ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም።

ስለ ሐረጉ ካነሳን፣ እነሱ ሊያ ዌላ ይሉታል፣ ትርጉሙም ያው የሚጠመጠም ተክል ስለሆነ እኛም በብራና ጌጥ ላይ እንደምንለው ሐረግ ማለቱ ይበቃል። ጥሩውን ከመካከለኛው የምለይበት መንገድ ይሄ ነው፣ አንድ ግንድ መርጣችሁ በዓይናችሁ ተከተሉት። ጥሩ ስራ ላይ ግንዱ የሆነ ቦታ ይነሳል፣ ይታጠፋል፣ በሌላው ስር ያልፋል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ እያንዳንዱ ቅጠልም ከግንዱ በቅሏል። በጥድፊያ የተገለበጠ ስራ ላይ ቅጠሎቹ አየር ላይ የተንሳፈፉ ናቸው፣ ከየት እንደበቀሉ አይታወቅም፣ ግንዱም ሁለት ዙር ሄዶ ይጠፋል። ከሐረጉ ሌላ የአንበሳ ምስል አለ፣ የሎተስ አበባ ቅጠል ተደርድሮ ጠርዝ ላይ ይመጣል፣ ሴራፔንዲያ የሚባል የወፍና የአውሬ ድብልቅ ፍጡርም አለ፣ አንዳንዴ የእጀታው ጫፍ ራሱ የዚህን ራስ ይመስላል፣ መጀመሪያ ስታዩት ቅጠል ብቻ ነው፣ ቆይታችሁ ስታዩት ዓይን ያወጣል።

ዓይናችሁን ለማለማመድ ቢላ ብቻ ማየት አይበቃም። ካንዲ ከሄዳችሁ ኤምበኬ ዴዋላያ የሚባለው ቤተ መቅደስ ጋ ሂዱ፣ የእንጨት ዓምዶቹ ላይ ያው ቋንቋ ተቀርጾ ታገኙታላችሁ፣ አንገታቸው የተጠላለፈ ዳክዬ መሰል ወፎች፣ ባለ ሁለት ራስ ንስር፣ ሎተስ፣ ሐረግ፣ ያውም ቢላው ላይ በጥፍር መጠን የሚታየው እዛ በሰፌድ መጠን ነው። ከዛ ኮሎምቦ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፣ በ1877 የተከፈተው፣ በ2023 ደሞ ኔዘርላንድስ ስድስት ዕቃ ለስሪላንካ መልሳለች፣ ከስድስቱ ዝነኛው በ1765 የደች ምስራቅ ህንድ ኩባንያ ጦር ካንዲን ሲዘርፍ የተወሰደው መድፍ ነው፣ ሁለት ካስታኔ ሰይፎችና ሁለት ትላልቅ ጠመንጃዎችም አሉ፣ ስድስተኛው ግን አንድ የሲንሃላ ቢላ ነው። ዜናው ሁሉ ስለ መድፉ ነበር፣ እኔን ያስደሰተኝ ቢላው ቤቱ መግባቱ ነው። ከስሪላንካ ውጪ ለንደን ያለው ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየምና ኒውዮርክ ያለው ሜትሮፖሊታን ኦንላይን የለቀቁት ፎቶ አላቸው፣ ዙም እያደረጋችሁ መጋጠሚያውን ማየት ትችላላችሁ፣ ነጻ ትምህርት ቤት ነው።

እጀታው ከምንድነው የተሰራው የሚለው ደሞ ለሕጉም ለእንክብካቤውም ወሳኝ ነው። ቀንድ አለ፣ እንጨት አለ፣ የዝሆን ጥርስ አለ፣ ብር የለበሰ አለ፣ አልፎ አልፎ ብርጭቆ የመሰለ ንጹህ ክሪስታል ድንጋይም አለ። ቀንድ ብርሃን ላይ ስትይዙት ቀጭኑ ጠርዙ ጋ ማር መሰል ብርሃን ያሳልፋል፣ ሲያረጅ ደሞ እንደ ጥፍር በስስ በስሱ ይላጣል። የዝሆን ጥርስ ተቆርጦ በሚታይበት ጫፍ ላይ የተጠላለፉ ቅስት መስመሮች አሉት፣ እንደ መረብ ወይ እንደ ወንፊት፣ ይሄን ነገር ፕላስቲክ አስመስሎ አይሰራውም፣ ፕላስቲኩ ላይ ያሉት መስመሮች ቀጥ ያሉና እኩል ናቸው። አጥንት ላይ ደሞ በሌንስ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ታያላችሁ፣ የደም ስር መተላለፊያ የነበሩ ቀዳዳዎች ናቸው። የጋለ መርፌ ሰክታችሁ ሞክሩ የሚል ምክር ብዙ ቦታ ታገኛላችሁ፣ በፍጹም እንዳታደርጉት፣ ላንድ ጥያቄ መልስ ብላችሁ ለዘላለም የማይጠፋ ጠባሳ ትተዋላችሁ።

ከዛ እጀታው ከብረቱ ጋር እንዴት እንደተያያዘ እዩ። ብዙዎቹ ላይ ሁለት የቀንድ ወይ የጥርስ ክፋይ ከብረቱ ጭራ ግራና ቀኝ ተደርጎ በሚስማር ተመቷል፣ በመሃላቸው የሚታየው የብረቱ ጠርዝ በተቀረጸ ናስ ወይ ብር ተሸፍኗል፣ የሚስማሩ ራስ ሳይቀር ትንሽ አበባ ይደረግበታል። እዚህ ጋ ክፍተት ካለ ወዲያው ሐሰተኛ ነው አትበሉ። ቀንድም ጥርስም ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ብረት ግን አይሸማቀቅም፣ ስለዚህ 200 ዓመት የቆየ እጀታ ላይ ትንሽ ክፍተት ቢኖር ተፈጥሮው ነው። እንደውም አርጅቷል ተብሎ ምንም ክፍተት የሌለው፣ ወይ ክፍተቱ ውስጥ የቆየ ቆሻሻ ያልተጋገረበት እጀታ ነው የሚያጠራጥረኝ።

ሰገባው እንጨት ነው፣ ብዙ ጊዜ ጎኑ ላይ ቦይ ቦይ ተደርጎ ተጠርቧል፣ በብር ቀለበትም ይታሰራል። አንዳንዱ ሰገባ ጎን ላይ ሁለተኛ ጠባብ ቀዳዳ ብታገኙ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ፣ የብዕር ቤት ነው። የሲንሃላ ጸሐፊ የዘንባባ ቅጠል ላይ በሹል ብረት ነው የሚጽፈው፣ ፓንሂንዳ ይባላል፣ ቅጠሉን ይጭራል፣ ከዛ ከሰልና ዘይት ይቀባና ይጠርገዋል፣ ጥቁሩ ጭረቱ ውስጥ ይቀራል፣ ፊደሉ ይወጣል። ቢላና ብዕር ባንድ ሰገባ ወገቡ ላይ የሚሻጥ ሹም ማለት ነው። ብዕሩ አብሮት ያለ ቢላ ካገኛችሁ ሁለቱን እንዳትለያዩ አደራ።

እንክብካቤው ላይ ከራሴ ጥፋት ልጀምር። መጀመሪያ ያገኘሁት ፒሃ ከታ ብዙም ያልቆየ፣ ግን በእጅ የተሰራ ነበር፣ ናሱ ጠቁሯል ብዬ ከሱፐርማርኬት የናስ ማጽጃ ክሬም ገዝቼ ፈገፈግኩት። ለሁለት ቀን እንደ ወርቅ አበራ። በሶስተኛው ቀን ሐረጉ መስመር ውስጥ የቀረው ክሬም ደርቆ ነጭ ሆነ፣ ከመጋጠሚያው ስር የገባው ደሞ ብረቱ ላይ አረንጓዴና ብርቱካንማ ነገር አወጣ፣ ከሁሉ የባሰው የቅጠሎቹ ስስ ደም ስር የመሰሉት ጭረቶች ከጠርዙ በኩል ተበልተው ደበዘዙ፣ እነሱን የሚመልሳቸው የለም። ነጩን በቀርከሃ ስንጥር እየለቀምኩ ስንት ምሽት ፈጀሁ፣ አሁንም ድረስ ቅር እያለኝ ነው የማየው። ስለዚህ የጠቆረ ናስና ብር ይጥቆር፣ ተዉት። ጥቁሩ ከመስመሩ ውስጥ ሲወጣ ቅርጹም አብሮ ነው የሚጠፋው።

ብረቱ ላይ ሁለት ዓይነት ዝገት አለ፣ ለዩት። ጥቁር ወይ ጥቁር ቡኒ ሆኖ የጠነከረው የቆየ ነው፣ አይነካም፣ ልብሱ ነው። ብርቱካንማ ሆኖ በጥጥ ስትነኩት ዱቄት የሚሰጠው ግን አሁን እየበላ ያለ ነው። እሱን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ጥጥ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ለስለስ እያላችሁ አንሱት፣ ለጠርዙ ቀርከሃ ስንጥር፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሞረድ፣ የብረት ሽቦ ግን እንዳይደርስበት። ዘይቱ እንጨቱና ጥርሱ ላይ እንዳይሄድ፣ ገብቶ ያቆሽሻል። ከዛ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዛ ሙዚየሞች የሚጠቀሙበት ማይክሮክሪስታላይን ሰም አለ፣ ሬኔሳንስ ዋክስ የሚባለውን ታገኙ ይሆናል፣ በጣም ስስ አድርጋችሁ ቀብታችሁ ወልውሉት። የምግብ ዘይት በተለይ እንዳትቀቡ፣ እየቆየ ይበላሻል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ይጣበቃል።

እጀታው ቀንድ ወይ ጥርስ ከሆነ ውሃ ውስጥ አይገባም፣ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፣ መብራት ስር በሚሞቅ የመስታወት ሳጥን ውስጥም አይሰቀል፣ ይሰነጠቃል። የአየሩ እርጥበት 50 በመቶ አካባቢ ሳይዋዥቅ ቢቆይ ጥሩ ነው፣ መዋዠቁ ነው የሚገድለው። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡት ከሆነ ቢላውን ከሰገባው ለዩት፣ እንጨት እርጥበት ይይዛል፣ ብረቱ ውስጥ ሆኖ ሲዝግ አይታያችሁም። ጎን ለጎን አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ በላስቲክ ማሰሪያ አትሰሩ፣ በሱፍ ጨርቅም አትጠቅልሉ፣ ሁለቱም ሰልፈር አላቸው፣ ብሩን ያጠቁሩታል።

መግዛት ላሰባችሁ። አሁንም ካንዲ ዙሪያ ናታራምፖታ አካባቢ ካላፑራ በሚባለው የባለሙያዎች መንደር ናስና ብር የሚቀርጹ ቤተሰቦች አሉ፣ ላክሳላ የሚባል የመንግስት የእጅ ስራ መሸጫም አለ። የኔ ምክር አዲስ ግዙ ነው። የዛሬ ባለሙያ በእጁ የቀረጸው ቢላ ያለፈውን ከሚያስመስል ዕቃ መቶ እጥፍ ይሻላል፣ ሰሪውን አግኝታችሁ መሮውን ይዞ እንዲያሳያችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ ደሞም ከሕግ ጋር አያጣላችሁም። አሮጌው ግን ሌላ ነገር ነው። በስሪላንካ የ1940 የቅርስ ሕግ መሰረት ከማርች 2 ቀን 1815 በፊት የተሰራ ነገር ቅርስ ነው፣ ቀኑ ዝም ብሎ አልተመረጠም፣ የካንዲ አለቆች መንግስቱን ለእንግሊዝ ያስረከቡበት ስምምነት ቀን ነው። ያለ አርኪዮሎጂ ዲፓርትመንት ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። ከዛ በኋላ የተሰራ ቢሆንም ሃምሳ ዓመት ያለፈው ከመሰላችሁ ሳትጠይቁ ኤርፖርት አትሂዱ። የዝሆን ጥርስ እጀታ ያለውን ደሞ ጭራሽ ተዉት፣ የእስያ ዝሆን ከ1975 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ንግድ ክልከላ ውስጥ ነው፣ ስሪላንካ ራሷ በጃንዋሪ 2016 የያዘችውን 1.5 ቶን ጥርስ ኮሎምቦ ጎል ፌስ ላይ በአደባባይ አድቅቃዋለች። ሻጩ "ይሄ አሮጌ ስለሆነ ችግር የለውም" ቢላችሁ አሮጌ መሆኑ ነው ሁለተኛው ችግር።

ከገዛችሁ በኋላ አንድ ወረቀት ላይ የት፣ መቼ፣ ከማን እንደገዛችሁ፣ ሰሪውን ካወቃችሁ የሰሪውን ስምና መንደር ጽፋችሁ፣ የሁለቱንም ጎን ፎቶና የመጋጠሚያውን ቅርብ ፎቶ አትማችሁ፣ ቢላው ከተጠቀለለበት ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። አውሮፕላን ላይ ደሞ በእጅ ቦርሳ አይሆንም፣ ጫፉን በወፍራም ካርቶን ሸፍናችሁ ከሚጫነው ሻንጣ መሃል ልብስ ውስጥ አድርጉት፣ ደረሰኙ ግን እጃችሁ ላይ ይሁን።